የአባት ዋጋ፤ የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ቤት፣ ሃይማኖትና ዘመቻ

ሰው በሕይወቱ ሳለ በሹመቱ ይታወቃል፤ ካለፈ በኋላ ግን የሚታወቀው በተወው ፍሬ ነው። ሹመት ከሿሚው ጋር ያልፋል፤ ርስትም በልጆች መካከል እየተከፈለ ያንሳል፤ አባት ለልጆቹ ያሳየው አኗኗር ግን ከእርሱ በኋላ ይመሰክርለታል፤ ወይም ይመሰክርበታል። ስለዚህ የአንድን ታላቅ ሰው ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ በየትኛው ጦር ሜዳ እንደ ተሰለፈ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም። በቤቱ እንዴት ያለ አባት፣ በቤተ ክርስቲያንም እንዴት ያለ ልጅ እንደ ነበረ ጭምር ሊመረምር ይገባዋል። ቤት፣ ሃይማኖትና ዘመቻ በአንድ ሰው ሕይወት ተገናኝተው፣ እያንዳንዳቸውም ከባድ ዋጋ ያስከፈሉበትን ታሪክ ለሚሻ፣ የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ታሪክ የታወቀ ምሳሌ ነው።

ራስ ካሣ የተወለዱት በ1873 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ የላስታ መኰንን ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ትሰሜ ደግሞ የራስ ዳርጌ ልጅ፣ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ነበሩ። እንግዲህ በአባታቸው ወገን የላሊበላ አገር፣ በእናታቸው ወገን ደግሞ የሰላሌ አገር ልጅ ሆኑ ማለት ነው። አንደኛው አገር የዐለት ፍልፍል ቤተ መቅደሶች ያሉበት፣ ሁለተኛው አገር የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም የደብረ ሊባኖስ መቀመጫ ነው። ሁለቱም አገሮች ከጸሎት ቦታዎቻቸው የተነሣ በኢትዮጵያ ሁሉ የከበሩ ናቸው። ሁለቱም ኋላ የዚህን ቤት ልጆች ደም ለማየት የተጠበቁ መሆናቸውን ግን በዚያ ጊዜ ማንም አላወቀም።

ሰላሌን ለራስ ካሣ ያወረሱአቸው አያታቸው ራስ ዳርጌ ናቸው። ራስ ዳርጌ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት፣ በምክራቸውም የታመኑ ሽማግሌ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ሸዋን እንዲጠብቁ የተዉት እርሳቸውን ነው። ጦር ሜዳ ሄዶ ስም ማግኘት ለብዙ ሰው ይቀላል፤ ከኋላ ቀርቶ የሌላውን ቤት ሳይሰለቹና ሳይመኙ መጠበቅ ግን የታመነ ልብ ይጠይቃል። ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ.ም. ሲያርፉ ለልጅ ልጃቸው ከርስቱ ጋር ይህንንም የታማኝነት ልማድ ትተውላቸው አለፉ።

ወጣቱ ካሣ ከጦር ትምህርት ጋር የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በፍቅር የተከተሉ ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ መኳንንት መጻሕፍትን ለካህናት ትተው በፈረስና በጋሻ ሲደሰቱ፣ እርሳቸው ከሊቃውንት ጋር ተቀምጠው የሃይማኖትን ነገር መመርመር ይወድዱ ነበር። በኋላ ዘመንም ከመሳፍንቱ መካከል በጾምና በጸሎት፣ በሃይማኖት ትምህርትም ዕውቀት ስማቸው የተጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። የውጭ አገር ሰዎች እንኳ ስለ እርሳቸው ሲጽፉ ከጦር አዛዥነታቸው ጋር አጥባቂ ክርስቲያንነታቸውን ሳያነሡ አያልፉም።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ ኢትዮጵያን ወክለው ወደ ለንደን የተላኩት ደጃዝማች ካሣ ነበሩ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ዓመት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ላይ ሳሉ፣ መንግሥቱም በእንደራሴና በመኳንንት ምክር እየተጠበቀ ሳለ፣ ለዚህ መልእክት መመረጣቸው ገና በጕልምስናቸው ምን ያህል እንደ ታመኑ ያሳያል። በዚያ ጕዞም የአውሮፓን ኃይልና ሀብት በዓይናቸው አዩ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ከአውሮፓ ኃያላን አንዱን በጦር ሜዳ የገጠሙት ይህን ኃይል አስቀድመው ያዩ ሰው ሆነው ነው።

የሕይወታቸው የመጀመሪያ ታላቅ ፈተና የመጣው በ1909 ዓ.ም. ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን ከመንግሥት ሲወርዱ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ተነሡ፤ ጥቅምት 17 ቀንም በሰገሌ ሜዳ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ካሣ ከሸዋ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፤ በዚሁም ዘመን የራስነትን ማዕረግ አገኙ። ነገር ግን ከሰገሌ ድል ይልቅ ለታሪክ የሚበልጠው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። አልጋ ወራሽ ሆነው የተመረጡት ራስ ተፈሪ መኰንን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው፤ ራስ ካሣም እንዲሁ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። ዘራቸው የተስተካከለ ነበረ፤ ጦርም ነበራቸው፤ አገርም ነበራቸው፤ የካህናቱም ፍቅር ነበራቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በእነዚህ አራት ነገሮች ተማምኖ ለዘውድ ይነሣ ነበር።

እርሳቸው ግን አልተነሡም። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ለዘውድ ሲሉ ወንድም ወንድሙን የገደለበት፣ አገርም የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ያነሣውን ሰይፍ ሁሉ ቈጥረው ይጽፋሉ። ያልተነሣውን ሰይፍ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ራስ ካሣ ዘመዳቸውን በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን፣ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሲሆኑ፣ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ሳይለወጡ ደገፉአቸው። ይህን ያህል ዓመት ያለ ቅናት ሁለተኛ ሆኖ መኖር፣ አንድ ቀን በጦር ሜዳ ከመጋደል የማያንስ ድፍረት የሚጠይቅ ነው።

መተማመኑም እጅግ ጥልቅ ስለ ነበረ፣ ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. በተያዙ ጊዜ ጠባቂ ሆነው የተመረጡት ራስ ካሣ ናቸው። የወረደ ንጉሥ ጠባቂ መሆን እሳትን በጕያ እንደ መያዝ ነው፤ እስረኛው ቢሞት ደሙ በጠባቂው ላይ ነው፤ ቢያመልጥም የመንግሥቱ ሁከት በጠባቂው ላይ ነው። ልጅ ኢያሱ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል በፍቼ ከተቀመጡ በኋላ በ1924 ዓ.ም. አመለጡ፤ ነገር ግን ሳይቈዩ ተያዙና ወደ ሐረርጌ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። በዚሁ ነገር ተባባሪ ናቸው ተብለው የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሹመታቸውን ተነጥቀው ታሰሩ። አንባቢ ይህን ስም ልብ ብሎ ይያዘው፤ ከአራት ዓመት በኋላ በራስ ካሣ ቤት ላይ የመጣው መከራ ሲነገር ተመልሶ ይመጣልና።

የራስ ካሣ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ ማርያም በሻህ ነበሩ። ከልጆቻቸውም መካከል ወንድወሰን፣ አበራ፣ አስፋወሰንና አሥራተ የተባሉ አራት ወንዶች ልጆች ነበሩአቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. በጦርነት ከሞቱ በኋላ በጌምድር በራስ ካሣ ሥር በሆነ ጊዜ፣ የበኵር ልጃቸው ደጃዝማች ወንድወሰን በዚያ አገር ተሹመው ያስተዳድሩ ነበር። ደጃዝማች አበራ ደግሞ የትግሬውን ገዥ የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ ወይዘሮ ከበደችን አግብተው ነበር፤ በዚህም ጋብቻ የሸዋና የትግሬ ታላላቅ ቤቶች ተዋሐዱ። በ1927 ዓ.ም. ላይ ሆኖ ይህን ቤት ላየ ሰው፣ አባት የተከበረ፣ ልጆች የተሾሙ፣ ሙሽሮች የገቡበት፣ ምንም የማይጐድለው ቤት ነበር። ኢዮብም ከመከራው በፊት ቤቱ እንዲህ ያለ ነበር።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። ራስ ካሣ የአምሳ አራት ዓመት ሰው ሆነው ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የሰሜኑን ጦር ሁሉ የበላይ አዛዥነት ሰጡአቸው። ሥራው እጅግ ከባድ ነበር። ራስ ሙሉጌታ ይገዙ በአምባ አራዶም፣ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በሽሬ፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም በተምቤን ሆነው፣ በመካከላቸው ብዙ ተራራና ገደል ነበረ፤ መልእክትም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በእግረኛ ነበር። ጠላት ግን በአይሮፕላን ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል፤ በስልክና በራዲዮም ይነጋገራል።

ከጥር 11 ቀን እስከ ጥር 15 ቀን 1928 ዓ.ም. ድረስ በተደረገው የመጀመሪያው የተምቤን ጦርነት፣ የኢትዮጵያ ጦር በዋርዩ መተላለፊያ የነበረውን የኢጣልያ ጦር ከብቦ ለቀናት አስጨነቀው። ጠላት በሰው ኃይል ያልቻለውን ለመቻል የመርዝ ጢስ ከአይሮፕላን አዘነበ። ይህ መርዝ ዐይን ያሳውራል፤ ቆዳ ያቃጥላል፤ የሚጠጡትን ውኃና የሚረግጡትን ሣር ይበክላል። ሰይፍ የያዘውን ጠላት በሰይፍ፣ መትረየስ የያዘውንም በድፍረት ለመግጠም የመጣ ወታደር፣ እንደ ዝናብ የሚወርደውን እሳት በምን ሊከላከለው ይችላል? ከየካቲት 19 እስከ 21 ቀን በተደረገው በሁለተኛው የተምቤን ጦርነት የኢጣልያ ተራራ ወጪዎች ወርቅ አምባን በሌሊት ወጥተው ያዙ፤ የራስ ካሣና የራስ ሥዩምም ጦር ሊከበብ ሆነ። ሁለቱ አዛዦች ብዙ ሰው ካለቀባቸው በኋላ ወደ ደቡብ አፈግፍገው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኙ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የመጨረሻው ታላቅ ውጊያ ሲደረግ፣ ራስ ካሣ ከአዛዦቹ አንዱ ሆነው ተሰለፉ።

በዚህ ላይ ታሪክ ያለ ሐሰት ሊናገር ይገባል። ራስ ካሣ በተምቤን አላሸነፉም። የሰሜኑ ጦር አዛዥ ሆነው የሰሜኑን ጦር ማዳን አልቻሉም፤ ከመሳፍንቱ መካከልም መታዘዝን እንደ ውርደት የቈጠረ አልታጣም። ዳሩ ግን ሰው የሚመሰገነው በማሸነፉ ብቻ ከሆነ፣ በ1928 ዓ.ም. ከዘመቱት መካከል ምስጋና የሚገባው ማንም አይገኝም። የዚያ ዘመን ሰዎች ክብር፣ እንደማይመጣጠኑ እያወቁ መሰለፋቸው፣ ከተሸነፉም በኋላ ጌታቸውን ጥለው አለመሄዳቸው ነው።

ከማይጨው መልስ በአዲስ አበባ የተደረገው ምክር እስከ ዛሬ ድረስ የሚያከራክር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በአገር ውስጥ ሆነው ይዋጉ ወይስ ወደ ጄኔቭ ሄደው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ይጩኹ ተብሎ ሲመከር፣ 21 ሰዎች ይሂዱ፣ 3 ሰዎች አይሂዱ አሉ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ንጉሥ ሕዝቡን ትቶ ከአገር አይወጣም ብለው በብርቱ ተቃወሙ። ራስ ካሣ ግን ይሂዱ ካሉት ወገን ነበሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በንጋት ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ሲነሣ፣ ራስ ካሣም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሳፈሩ። ከወንዶች ልጆቻቸው ሦስቱ በኋላቸው በኢትዮጵያ ቀሩ።

የተቃወሙትን መውቀስ አይገባም፤ የንጉሥን መሄድ የወታደሩ ልብ እንደሚሰበርበት አይተው የተናገሩት እውነት ነበርና። ይሂዱ ያሉትንም ፈሪዎች ማለት አይገባም። የንጉሠ ነገሥቱ መማረክ ወይም መሞት የኢትዮጵያን መንግሥት በዓለም ፊት ሙት ያደርገው ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የተሰማው ጩኸት ያን ጊዜ ሰሚ ባያገኝም፣ ኢትዮጵያ ነፃነትዋን አለመተዋን ለዓለም ያስመሰከረ ነው። ነገር ግን ምክሩ ለአገር የሚጠቅም ቢሆንም፣ ለአባት ምን ያህል እንደሚከብድ ማሰብ ያስፈልጋል። ለሌላው ሰው ስደት አገርን መተው ነው፤ ለራስ ካሣ ግን ከአገር ጋር የሥጋ ፍሬን በእሳት መካከል መተው ነበር። ንጉሡን መከተል ልጆችን መተው፣ ልጆችን መጠበቅም ንጉሡን መተው ሆኖ፣ በመካከል የሚያርፉበት መንገድ አልነበራቸውም።

የቀሩት ልጆች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን በሰላሌ፣ ደጃዝማች ወንድወሰን በላስታ ሆነው፣ የአባታቸውን ስም ሰምቶ የሚሰበሰበውን ሕዝብ አደራጁ። ከእነርሱም ጋር የሰላሌ ተወላጅ የሆኑት ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። አቡኑ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለመምታት ገሰገሱ። ክረምት ስለ ነበረ ወንዞች ሞልተው ነበር፤ አንደኛው ወገን ሲደርስ ሌላው ዘገየ፤ መልእክትም አልተገናኘም፤ ጠላትም አንዱን ወገን ከሌላው ለይቶ መታ። አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ሐምሌ 22 ቀን በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ዝናቡ ካቈመ በኋላ ጠላት ወደ እነዚህ ሦስት ወንድማማቾች ፊቱን መለሰ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ደጃዝማች ወንድወሰን በላስታ ተከብበው ተያዙና ተገደሉ። የአያቶቻቸው አገር መቃብራቸው ሆነ። ከዚያ በኋላ የኢጣልያ ጦር በጄኔራል ትራኪያ አዛዥነት ወደ ፍቼ ቀረበ። ለደጃዝማች አበራና ለደጃዝማች አስፋወሰን ቢገቡ ምሕረት እንደሚደረግላቸው ተላከባቸው። በመካከል ሆነው ግቡ እያሉ የመከሩአቸው፣ ለጠላት ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች በተሰጣቸው ቃል ተማምነው ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ገቡ። በዚያው ዕለት በፍቼ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ እንዲሆን በአደባባይ ታየ።

በኢትዮጵያ ልማድ ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን ከሚበላ ሞትን ይመርጣል፤ ጠላት እንኳ ቢሆን በመሐላ ከገባ እንግዳ ነው። እነዚህ ወጣቶች የሞቱት በጦር ሜዳ ተሸንፈው አይደለም፤ በቤታቸው እንደ ለመዱት ቃል ቃል መስሎአቸው ነው። ከአባታቸው የወረሱት መታመን ለሞታቸው ምክንያት ሆነ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ይህን የሚሰማ ሰው፣ እንግዲያስ መታመንን ለልጅ ማስተማር ምን ይጠቅማል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ግን ግልጥ ነው፤ የማሉት ሰዎች ስማቸው ከሐሰት መሐላ ጋር ሲነሣ ይኖራል፤ ያመኑት ግን በአገራቸው ልጆች ዘንድ ሰማዕታት ተብለው ይጠራሉ።

ባልዋን ያጣችው ወይዘሮ ከበደች ሥዩምም ለኀዘን ጊዜ አልወሰደችም። ልጅ በማኅፀንዋ ሳለ ጦር እየመራች በዱር ገባች፤ በዚያው በዘመቻዋ መካከል ወለደች፤ ከወለደችም በኋላ ጠመንጃዋን አልጣለችም። የራስ ካሣ ምራት፣ የራስ ሥዩም ልጅ፣ የአበራ ሚስት መባል ብቻዋን ያስከብራት ነበር፤ እርስዋ ግን በራስዋ ሥራ አርበኛ ተባለች።

መከራው በራስ ካሣ ልጆች ላይ አላበቃም፤ ወደ ጸሎት ቤታቸውም ደረሰ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፣ እንደራሴው የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ተባባሪዎች ናቸው ብሎ ፈረደባቸው። ግንቦት 12 ቀን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት በዓል፣ የጄኔራል ማሌቲ ጦር ገዳሙን ከበበ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው ቍጥር 297 መነኮሳት፣ ከእነርሱም በኋላ 129 ዲያቆናት መገደላቸውን አስታውቆአል፤ በኋላ ዘመን በቦታው የተደረገው ምርመራ ግን የሞቱትን ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሳቸዋል። ራስ ካሣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ገዳም በአንድ ሳምንት ባዶ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አባት በባዕድ አገር ነበሩ። የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በእንግሊዝ አገርና በኢየሩሳሌም ነው። በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ በዴር ሱልጣን ሲጸልዩ የኖሩ ናቸው፤ በ1885 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም ለስደተኞቹ መጠጊያ ነበረ። የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ ገብረ ጊዮርጊስም በዚያው በስደት ነበሩ። እንግዲህ ገዳሙ የፈረሰበት እጨጌና ልጆቹ የታረዱበት አባት በአንድ ቅድስት ከተማ ተገናኙ ማለት ነው። የአንዱ ልጆች በመንፈስ፣ የሌላው ልጆች በሥጋ ነበሩ፤ የገደላቸው እጅ ግን አንድ ነው። ሰው ስለ ልጁ ሞት ሲሰማ ማቅ ለብሶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ በመቃብሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል፤ ለእርሳቸው መቃብሩም ሩቅ ነበረ፤ ዘመድም ተበትኖ ነበረ፤ የቀረው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ኀዘን ብዙ ሰው ይሰብራል፤ አንዳንዱን ከአምላኩ ያጣላዋል፤ አንዳንዱንም ከጌታው ያለያየዋል። ራስ ካሣ ከሁለቱም አልተለዩም። ልጆቼን ያጣሁት አንተን በመከተሌ ነው ብለው ንጉሣቸውን አልተዉም፤ ጾሜንና ጸሎቴን ምን አገኘሁበት ብለውም ከቤተ ክርስቲያን አልራቁም። ታማኝነት የሚለካው በተሰጠው ሹመት ልክ ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር ትርጕም ባልኖረውም ነበር፤ ነገር ግን ታማኝነት የሚለካው በተከፈለበት ዋጋ ነው።

የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር በተዋጋች ጊዜ፣ ስደተኞቹ በሱዳን በኩል ለመመለስ ተዘጋጁ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሲተክሉ፣ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ለመሆን የተቃረቡት ራስ ካሣ ከጎናቸው ነበሩ። ጕዞው በጎጃም በኩል ነበረ። በደብረ ማርቆስ ራስ ኃይሉ ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ፤ ልጆቻቸው ግቡ ተብለው የሞቱባቸው አባትና ግቡ ያሉት ሰው በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሆኑ። በቀድሞው ዘመን ቢሆን በዚያ ቀን ደም ይፈስስ ነበር። ራስ ኃይሉ ግን በቍም እስር ኖረው በሕመም ዐረፉ እንጂ በደም አልተፈለጉም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ፣ በሰላሌ በፍቼ በኩል፣ በደብረ ሊባኖስም አጠገብ ያልፋል። የድል መንገድ እንዲህ በአባት ቍስል ላይ ያለፈበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተው ለክፉ ሥራ ክፉ እንዳይመለስ፣ የተማረከም ጠላት እንዳይነካ ሕዝቡን ሲያዝዙ፣ ትእዛዙ ከማንም ይልቅ የከበደው እንደ ራስ ካሣ ልጅ ለሞተበት ሰው ነበር። ምሕረትን ምንም ያልተበደለ ሰው ሲያውጅ ቀላል ነው፤ የተበደለ ሰው ሲታዘዘው ግን ሕግ ይሆናል።

ከነፃነት በኋላ ራስ ካሣ የዘውድ ምክር ቤት አባልና ታላቅ መካሪ ሆነው አገለገሉ። በዚሁ ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በራስዋ ልጆች ለመመራት የምታደርገው ጥረት ፍሬ ማፍራት ጀመረ። የስደት ጓደኛቸው እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ተብለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳሳት ሆኑ። ራስ ካሣ ይህን በዓይናቸው አዩ። አቡነ ባስልዮስ በሰኔ 1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሲባሉ ግን እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም፤ ኅዳር 7 ቀን 1949 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐርፈው ነበርና።

ከወንዶች ልጆቻቸው የተረፉት አሥራተ ካሣ የአባታቸውን የራስነት ማዕረግ ወረሱ፤ የኤርትራ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ፣ ኋላም የዘውድ ምክር ቤት መሪ ሆኑ። እርሳቸውም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ስድሳ ያህል ሰዎች አንዱ ሆኑ። ሦስቱን ልጆች የገደለ ባዕድ ነው፤ አራተኛውን የገደለ ግን የአገር ልጅ ነው። አባት ይህን የመጨረሻውን ሳያዩ መሞታቸውን ምናልባት እንደ ምሕረት ሊቈጥሩት ይቻላል። ዛሬ በጀርመን አገር የሚኖሩት የታሪክ ጸሐፊው ልጅ አስፋወሰን አሥራተ የራስ አሥራተ ልጅ ናቸው፤ በፍቼ የተገደሉትን የአጎታቸውን ስም ይዘው፣ የኢትዮጵያን ታሪክ ለባዕድ ሕዝብ በመጽሐፍ አስታውቀዋል። ሰይፍ ሰውን ይገድላል፤ ስም ግን ከሰይፍ ያመልጣል።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል። በዚህ ቤት ግን ዕዳው ከሁለቱም ወገን ተከፈለ፤ ልጆች በአባታቸው ስም ተጠርተው ሞቱ፤ አባትም የልጆቻቸውን ሞት ተሸክመው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአገልግሎት ኖሩ። ከዚህ ታሪክ የሚማር አባት ቢኖር፣ ለልጁ የሚያወርሰው የመጀመሪያው ሀብት ቃልን መጠበቅ፣ ሁለተኛው በሁለተኛነት ያለ ቅናት መኖር፣ ሦስተኛውም በኀዘን ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሸሽ እንደ ሆነ ይወቅ። ከዚህ ታሪክ የሚማር ልጅም ቢኖር፣ አባቱን በሐውልትና በድግስ ብቻ አያስበው፤ አባቱ የቆመበትን ቦታ አይቶ በዚያ ይቁም። በላስታና በፍቼ፣ በደብረ ሊባኖስና በተምቤን የወደቁትን ሁሉ፣ ስማቸው የተጻፈውንና ያልተጻፈውን፣ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።